የማን ተራ ነበር?

ሚያዝያ 2

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። አርባ አንድ የታሪክ ሰሌዳ። ምሽግ፣ መቅደስ፣ የመብራት ማማ፣ የድሮ ጉድጓድ፣ ባሕር ውስጥ ያለ ካብ... ሁሉንም ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ሁሉንም ጨውና ፀሐይ በልቷቸዋል። አሁን የቅርስ ቢሮው በግራናይት ሊያስቀርጻቸው ነው። "መምህር ጋን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደሴቲቱን ዞረው ያመሳክሩልንና ይፈርሙ። ከዚያ በቃ፣ ያርፋሉ" አለችኝ ዳይሬክተሯ። ያርፋሉ... ጡረታዬን በፈገግታ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ሾፌሩ አ-ቡን ነው። ስልሳ ሊሞላው ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ወገቡ ሲያስቸግረው ጀልባውን ሸጦ የቢሮ መኪና ያዘ። ያወራል። ከቤቴ ደጃፍ እስከ ሰሜኑ ምሽግ አፉ አልተዘጋም። "ጉልበትህ እንዴት ነው መምህር?" አለኝ። ደህና ነው አልኩት። የምሽጉን ሃምሳ ሁለት ደረጃ አራት ጊዜ ቆሜ ወጣሁ።

ላይ ስደርስ አንዲት አስጎብኚ ትንሽ ባንዲራ አንጠልጥላ፣ ሠላሳ ሰው ሰብስባ፣ "ይህን ምሽግ የሠሩት ሆላንዶች ናቸው" ትላለች።

"ሆላንዶች ይህን ኮረብታ ከመርከብ ላይ እንኳን አላዩትም" አልኳት። ሰው ፊት። "ሰሌዳው አጠገብሽ ነው። ማንበብ ይህን ያህል ይከብዳል?"

ቀላች። አንድ ሽማግሌ ሳቀ። አ-ቡን ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ጎተተኝ። "ተዋት እንጂ! ለሆዷ ነው የምትጮኸው።" ለሆዱ የሚጮህ ሁሉ መዋሸት አለበት? ዕድሜዬን ይህንኑ ስጠይቅ ኖርኩ። ማን መለሰልኝ?

ሰሌዳ 1፣ 2፣ 3። ትክክል።

ሚያዝያ 4

የምሥራቁ ዳርቻ። አሸዋው ከመንጣቱ የተነሣ ዓይን ያማል። ከሥሩ የድሮው የመርከብ ማራገፊያ ደረጃ አለ፤ ከሃያ ሁለቱ እርከን ዛሬ የሚታየው አምስቱ ነው። ልጅ ሳለሁ አሥራ አንድ እቆጥር ነበር። ባሕሩ አሸዋ ይጨምራል፣ ሰዉ ደግሞ የላስቲክ ጠርሙስ።

ሰሌዳ 9 ጠፋኝ። ግማሽ ሰዓት ፈለግን። ለካ በረዶ ሻጩ ድንኳኑን የወጠረበት ምሰሶ እሱ ኖሯል። ፎጣም አስጥቶበታል።

"ይህ የታሪክ ሰሌዳ ነው!"

"አውቃለሁ መምህር፣ ለዚህ እኮ ነው የማይወድቀው" አለኝ። "የመንግሥት ብረት ምን ይወጣለታል!"

አ-ቡን በሳቅ ሞተ። ሰውየው ማባበያ የቁልቋል ፍሬ በረዶ ሰጠን። ደም የመሰለ ቀይ። እየተቆጣሁ በላሁት። አሁን ስጽፍም ምላሴ ቀይ ነው።

ሰሌዳ 9። ጽሑፉ ትክክል። ቦታው ውርደት።

ሚያዝያ 5

ዝናብ። ጉልበት። ምንም አልሠራሁም።

ሚያዝያ 7

ታንግ-አው። የደቡቡ ጫፍ። ያኔ በጀልባ ነበር የሚኬደው፤ አሁን ድልድይ አለ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ።

ካቡ እንዳለ አለ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ በጥቁር ድንጋይ የተካበ ረጅም ክንድ ወደ ባሕሩ ይገባል፤ ጫፉ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠመዘዝና ክብ ጓዳ ይሠራል። ውኃው ሲሞላ ዓሣው በላዩ ያልፋል። ሲጎድል ጓዳው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ቅርጫት ይዞ መግባት ነው። ሳየው እንደ ድሮው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር... ተወው። ደክሞኛል።

ሰሌዳ 23፦ "ይህን ካብ የኮ ወገን አባቶች ትውልድ በማይቆጥረው ትዕግሥት ገነቡት፤ ባለቤቶቹም እነርሱ ናቸው።" ትውልድ በማይቆጥረው ትዕግሥት! ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር እንግዲህ።

ምሳ ኮ ቴክ-ሲን ዘንድ። ያኔ ያነጋገርኩት የኮ ሽማግሌ ልጅ ነው። አባቱ ሞቷል። እሱ ዳርቻው ላይ የእንግዳ ማረፊያ ከፍቷል፤ በሩ ላይ "የካቡ ጌታ" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ። የዱባ ኑድል በትንንሽ ደረቅ ዓሣ አበላን።

"አባቴ ሁልጊዜ እንደሚለው" አለና እጁን ወደ ባሕሩ ዘረጋ፤ "አባቶቻችን ትውልድ በማይቆጥረው ትዕግሥት ገነቡት።"

ቃል በቃል። አባቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም! በየሦስት ቃሉ የሚሳደብ ሰው ነበር። ልጁ የእኔን ሰሌዳ አጥንቶ ከአባቱ የሰማው መስሎታል። አሳፈረኝ? አይ... እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ።

ከተቀረጸ በኋላ የሚሆነውንም ነገረኝ። ካቡ በኮ ወገን ስም ይመዘገባል። ጥበቃው ለእሱ ይሰጣል። በር ይተክላል፣ ገመድ ይወጥራል፣ ጎብኚ በሰልፍ ያስገባል።

"የመንደሩ ሰውስ?"

"አስፈቅዶ ይገባል ወንድሜ። ሁሉም ቅርጫቱን እያንጠለጠለ ድንጋዩን ሲረግጠው ይኑር እንዴ?"

ስንወጣ አንዲት አሮጊት ሰሌዳው ሥር ተቀምጣለች። ለነፋሱ ፊቷን በሻሽ ጠቅልላለች፤ ከዓይኗ በቀር አይታይም።

"አንተ ነህ ይህን የጻፍከው?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ውሸት ነው" አለችና ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች።

አ-ቡን "እማማ ጊም ናት፣ የሉ ወገን፤ ከባሕሩ ጋር ሳይቀር ትጣላለች" አለኝ። ውሸት! ለእኔ! ማስረጃዋ የታለ?

ሚያዝያ 8

ሰሌዳ 23። ትክክል። በእርሳስ ሳይሆን በብዕር ምልክት አደረግኩበት። ምንጬ የኮ ሽማግሌ ነው፤ ካቡ ላይ ቆሞ ነው የነገረኝ። ሌሎች ሰዎች አጠገቡ ነበሩ። ማንም አልተቃወመም።

ማንም አልተቃወመም... ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ?

ሚያዝያ 10

የመብራት ማማው። ዘጠና ስድስት ደረጃ። አ-ቡን ከሥሩ ጥላ ላይ ተዘርሮ "ውጣ አንተ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አምንሃለሁ" አለኝ። ወጣሁ። ሰሌዳ 30 ትክክል። ስወርድ እግሬ እንደ ሰው እግር አልነበረም።

መንገድ ላይ ወሬ ሲያልቅበት ስለ መንደሩ ካብ አነሣ። የእነሱም ነበራቸው፤ ዛሬ የሲሚንቶ ወደብ ሆኗል።

"አባቴ አንድ ቀን ወንድሜን በጥፊ ሲያላጋው!" አለ እየሳቀ። "በሰው ተራ 'ካባችን' አለ ብሎ።"

"ምን አልክ?"

"በሰው ቀን ስለ ካቡ አፍህን አትከፍትማ። ባለተራው 'የእኔ ነው' ይላል፣ አንተ ዝም ነው። ሌላ ሰው ከተናገረ ዓሣው አይገባም።"

"የአንተ አባት ብቻ ነው እንዲህ የሚለው?"

"ኧረ ደሴቱ ሁሉ! ሕፃን የሚያውቀውን!"

"ስድስት ዓመት አብረን ስንዞር ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ?"

ተራውን አውቃለሁ። ስለ ተራው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ፤ ስምንት ወገን፣ ስምንት ዕጣ፣ በጨረቃ አዲስ ዓመት መቅደሱ ፊት ይወጣል፣ ከዚያ በየቀኑ እየተፈራረቁ ዓመቱን ይዘልቃሉ። የሌሎቹን መንደሮች ማለቴ ነው። የታንግ-አውን ካብ ግን "ልዩ ነው፣ የአንድ ወገን ብቻ ነው" ብዬ ጻፍኩ። በመመረቂያዬ ቀን የተጨበጨበልኝ ለዚህ ግኝት ነው። ስለ ዝምታው አንድ መስመር የለኝም። ዝምታን ማን ይጽፋል?

ምልክት ያደረግኩት በብዕር ነው...

ሚያዝያ 11

ሣጥኑን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። የድሮው ደብተር ሻግቷል፤ ጽሑፉ ይነበባል። እዚህ ልገልብጠው፦

"ታንግ-አው። በአራት ሰዓት ጀልባ ገባሁ። ውኃው የጎደለው ሰባት ተኩል። የኮ ሽማግሌ፦ 'የእኛ ነው፤ አባቶቻችን ናቸው የካቡት።' ሌሎች አራት ሰዎች ነበሩ፤ አልተቃወሙም። አንዲት ፊቷን የሸፈነች ሴት ቅርጫት ይዛ ቆማለች። ስጠይቃት ፊቷን አዞረች። ዓይን አፋር። በአሥር ሰዓት ጀልባ ወጣሁ።"

ዓይን አፋር! እሷ ትሆን? ከባሕር የምትጣላዋ ሴት?

በአራት ገብቼ በአሥር ወጣሁ። መመረቂያ ጽሑፌ "በመንደሩ በተካሄደ ጥናት" ይላል። ስድስት ሰዓት።

ሚያዝያ 13

የታንግ-አው መቅደስ። የዕጣውን ውጤት በየዓመቱ በቀይ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፤ የዘንድሮውን በአምናው ላይ፣ የአምናውን በካቻምናው ላይ። ውፍረቱ መዳፍ አክሏል። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ግን አዲስ ወረቀት የለም። ወጣቱ ወደ ታይዋን ሄደ፣ ዕጣው ቀረ።

ጠባቂው ማንቆርቆሪያ አፍልቶ በእንፋሎቱ እያለሰለሰ ልጦ ልጦ አወረደልኝ።

"ይህን ሁሉ ከመላጥ የመቅደሱን አምላክ፣ እመቤቲቱን አትጠይቃትም?" አለኝ። "ሁለቱን የመጠየቂያ እንጨት መሬት ላይ ጣል፣ አዎ ወይ አይደለም ትልሃለች። አንድ ደቂቃ ነው።"

"ወረቀት እያለ?"

"አይ የተማረ ሰው! ባሕር መሐል ቆመህም ካርታ ትፈልጋለህ አንተ!"

የዚያ ዓመት ወረቀት ወጣ። ስምንት ስም። ኮ ከስምንቱ አንዱ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሉ። ልዩ ነው ያልኩት ካብ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የስምንት ወገን ነው።

ከዓመቱ የመጀመሪያ ቀን እስከሄድኩበት ቀን በጣቴ ቆጠርኩ። የኮ ተራ። እንደገና ቆጠርኩ። ኮ። አ-ቡንን ቁጠር አልኩት፤ "ሉ" አለ፣ ብዕሬን አነሣሁ... አንዱ ወር ሃያ ዘጠኝ ቀን መሆኑን ረስቶ ኖሯል። ደገመው። ኮ።

ሽማግሌው አልዋሸም። በቀኑ ጠየቅኩት፣ ባለቀን እንደሚመልሰው መለሰልኝ። ሌሎቹ ዝም ያሉት አምነው አይደለም። ደንብ ስለሚያውቁ ነው። ደንብ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ደብተር ይዟል።

ሚያዝያ 14

ዳይሬክተሯ ደወለች። ኮ ቴክ-ሲን ወሬው ደርሶት ቀድሞ ነግሯታል።

"መምህር ጋን፣ ያ ሰሌዳ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ማንም አልተቃወመም።"

የራሴ ቃል። በጥፊ የተመታሁ ያህል ተሰማኝ።

"የጻፉትም እርስዎ ነዎት።"

"ለዚህ እኮ ነው የምነግርሽ!" ጮህኩባት። ምን አጠፋች? ምንም። "ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ?" አለች ረጋ ብላ። አላውቅም አልኳት። አላውቅም ማለት እንዴት ይከብዳል...

"ሐሙስ ፊርማዎን እጠብቃለሁ።"

ሚያዝያ 15

እማማ ጊም ቤት። ጎመኗን ከነፋስ የሚጋርድ የኮራል ድንጋይ አጥር ሥር ዓሣ ታጸዳለች። ቁጭ ልበል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ቢላዋ ሰጠችኝ። "ቁጭ ካልክ ሥራ። የዛሬዎቹ ባለተራዎች ታይዋን ናቸው፤ ስለ ካቡ ባወራም ዓሣ የሚቀርበት የለም።"

"ያን ቀን ቅርጫት ይዘው የቆሙት እርስዎ ነዎት?"

"ጥቁር ጫማ አድርገህ ካብ ላይ የወጣኸው አንተ ነህ?" አለችኝ። "በጫማ! ገና ሳይህ ጠላሁህ።"

"ጠየቅኩዎት፤ ፊትዎን አዞሩብኝ።"

"የእነሱ ቀን ነበር።"

"በማግስቱስ?"

"በማግስቱ የእኔ ነበር። ያ ባለ ደብተር ልጅ ዛሬ ይጠይቀኛል ብዬ ውኃው እስኪሞላ ቆሜ ጠበቅኩህ። ጀልባዋ መጣች። ስኳር አወረደች፣ ጋዝ አወረደች። አንተን አላወረደችም።"

የዓሣ ቅርፊት እጄ ላይ ተጣበቀ። አልጠረግኩትም።

"ከዚያ ወዲህስ? ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገሩም?"

"ለማን? ለብረቱ? ቀኔ በደረሰ ቁጥር ሄጄ እነግረዋለሁ። አይሰማም።"

ጓዳውን፣ ያን የተጠመዘዘውን ጫፍ፣ ከትልቁ አውሎ ነፋስ በኋላ እንደገና የካበው አባቷ ነው። ግራኝ ነበር። ሌላው ሰው ማጥበቂያ ጠጠሩን ከቀኝ ሲሰካ እሱ ከግራ ነው። "ሄደህ ዳስሰው። አንድ ጣቱ እስከዛሬ እዚያው ነው፤ ድንጋይ ወደቀበት።"

"እንግዲያው የሉ ወገን ሠራው ብዬ ላርመው?"

ቢላዋዋን ወረወረችው። "አንተ ሰው አትማርም? አንዱን አውጥተህ ሌላውን ልትከት? ያን ድንጋይ ከአባቴ ጋር የተሸከመው የኮ ሽማግሌ ነው። ጣቱ ሲቆረጥ አዝሎ ያመጣውም እሱ ነው። የሰው ድካም አልክድም። ስምንት ነበሩ። ስምንት ጻፍ።"

ልሄድ ስነሣ ስለ ገመዱ ጠየቅኳት። በር ቢያደርጉበት፣ ገመድ ቢወጥሩ እንዴት ይገባሉ?

"በሥሩ" አለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው።

ውኃው ሲጎድል ሄጄ ዳሰስኩት። ጫማዬን አውልቄ። ጠጠሮቹ ከግራ ነው የተሰኩት። በመመረቂያ ጽሑፌ የካቡን ርዝመት እስከ ስንዝር ለክቼ ጽፌያለሁ። ይህን አላየሁም።

ሚያዝያ 16

ኮ ቴክ-ሲን። ገና ከመኪና ሳልወርድ ጀመረ።

"አባቴን በመቃብሩ ውሸታም ልታደርገው ነው?"

"አባትህ አልዋሸም። ያልገባኝ እኔ ነኝ።"

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት ገባኝ ብለህ ዛሬ አልገባኝም? ደጃፌ ላይ የተጻፈውን ምን ላድርገው? 'የካቡ ጌታ፣ በስምንት ቀን አንድ ጊዜ' ልበል?"

አ-ቡን ሊስቅ ሲል በዓይኔ ያዝኩት።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ" አልኩ። "ታውቅ ነበር?"

ባሕሩን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጅ ሆኜ በሉ ወገን ቀን ካቡ ላይ ስሮጥ አባቴ ጆሮዬን ይዞ ነው ያወረደኝ" አለ።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ሰሌዳው መጣ። የጻፈው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ነው። እኔ ከተማረ ሰው በላይ ላውቅ ነው? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ሕልም ነው ያየሁት አልኩ።"

ያቺን አስጎብኚ አሰብኩ። ሰው ፊት ያዋረድኳት። ሰሌዳውን አንብቢ ብዬ...

ሚያዝያ 17

ሐሙስ። አርባውን ፈረምኩ። ሃያ ሦስትን ተውኩ። ከሥሩ ደብዳቤ አያያዝኩ፤ አንድ ገጽ። "ስህተቱ የእኔ ነው" የሚለውን መስመር ስድስት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያዎቹ አምስት ላይ "በጊዜው በነበረው ሁኔታ" የሚል ነበረበት። የሌላ ሰው ስህተት ላይ ቀይ ብዕር ሳሳርፍ አንድ ደቂቃ ፈጅቶብኝ አያውቅም።

ዳይሬክተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ይህ ከመዝገብዎ ጋር ይቀመጣል፤ ያውቃሉ?" አውቃለሁ። "ስምንት ስም ድንጋዩ ላይ አይበቃም።" ፊደሉን አሳንሱት አልኳት።

አሰበች። "እሺ። ስምንቱም ወገን አዲሱ ጽሑፍ ላይ ማኅተማቸውን ያሳርፉ። አንድ ከጎደለ ክርክር አልፈልግም፤ ድንጋዩ በድሮው ጽሑፍ ይቀረጻል። እስከ ወሩ መጨረሻ።"

አንድ ከጎደለ። የትኛው እንደሚጎድል እሷም ታውቃለች፣ እኔም።

ሚያዝያ 18

አ-ቡን መላ አመጣ። "ሁሉንም መቅደሱ ጋ ሰብስብና በአንድ ጠዋት አስጨርስ።" ከዚያ ራሱ ሳቀ። አይሆንማ! ያ ቀን የአንዱ ቀን ነው፤ ሰባቱ አፋቸውን አይከፍቱም።

ስምንት ወገን፣ ስምንት ቀን። ሌላ መንገድ የለም። ዕጣው ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነውም እማማ ጊም ቆጠራውን በሆዷ ይዛዋለች፤ ዛሬ የማን እንደሆነ ያለ ወረቀት ታውቃለች። ነገ የእሷ ነው። የኮ የመጨረሻው።

መንደሩ ውስጥ አልጋ የሚያከራይ አንድ ቤት ብቻ ነው። የኮ ቴክ-ሲን።

ሚያዝያ 19

የሉ ቀን። የአባቷን ማኅተም በጨርቅ ጠቅልላ ካቡ ድረስ ይዛው መጣች፤ አውራ ጣት የምታክል የእንጨት ማኅተም። ጠየቅኳት። "ዛሬ የእኔ ነው" አለች፣ ባሕሩን እያየች። አተመች። ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም፤ ዓሣ ልትለቅም ወረደች።

ኮ የአልጋውን ዋጋ አስወደደብኝ። ቁርስም የለም።

ሚያዝያ 21

ውኃው በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። እኔም አብሬው። ሦስት ማኅተም። የትናንቱ ሰውዬ እስኪያትም ሁለት ሰዓት ስለ ጥርሱ አወራኝ። አላቋረጥኩትም። አ-ቡን ቢያየኝ አያምንም።

ፀሐዩ አንገቴን ላጠው።

ሚያዝያ 23

የዛሬዎቹ ታይዋን ናቸው። በስልክ። የመጨረሻ ልጃቸው አውቶቡስ ነጂ ነው። "ዛሬ ቀናችን ነው?" አለኝ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ የመኪና ጥሩንባ። "አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።" ማኅተሙን በፖስታ ይልካል።

አምስት።

ሚያዝያ 25

ሰባት። ኮ በሁለት ቀን ሁለት ነገር ነው የተነፈሰው። "ጨው" እና "በሩን ዝጋ"። ዛሬ ግን ቁርስ ነበረ። የዱባ ኑድል። ምን ማለት ይሆን? ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ደክሞኛል፤ ከኑድል ትርጉም መፈለግ ጀመርኩ።

ሚያዝያ 26

የኮ ቀን።

ውኃው የጎደለው ከሰዓት በኋላ ነው። ስወርድ ሰዎች ቆመዋል፤ አምስት፣ ስድስት። ማንም አልጠራቸውም። እማማ ጊም ፊቷን ጠቅልላ ቅርጫቷን ይዛ ቆማለች። ልክ እንደ ያኔው። እኔ ብቻ ባዶ እግሬን ነኝ።

ኮ ቴክ-ሲን ጓዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል።

"ይህ ካብ የማነው?" አልኩ።

"ዛሬ የእኔ ነው" አለ።

ዛሬ! አባቱ ይህን ቃል አላለኝም ነበር፤ ማለት አላስፈለገውም፣ የሚያውቀው ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ለእኔ ብሎ ጨመራት። ነገስ? ልለው አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት። በሕይወቴ ከባዱ ዝምታ ሳይሆን አይቀርም። ዞር ብዬ እማማ ጊምን አየሁ፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። እኔም አዞርኩ።

ወረቀቱን ተቀበለኝ። የራሱን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። የሰባቱን በአውራ ጣቱ እየነካ በሆዱ አነበበ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ማኅተሙን በትንፋሹ አርጥቦ ተጫነው።

"የደጃፌን ጽሑፍ መጥተህ ራስህ ቀለም ትቀባዋለህ" አለኝ። "አንተ ነህ ያሳሳትከኝ።"

እሺ አልኩት።

ስንመለስ እማማ ጊምን "ነገ የእርስዎ ነው አይደል?" አልኳት። መልስ የለም። አንድ ዐይኗን እንኳን አላነሣችም። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! ገና የኮ ቀን አላለቀም። ቅርጫቷን ተቀብዬ ያዝኩላት።

ሚያዝያ 27

ጠዋት የድሮውን ሰሌዳ ፈታሁት። አራት ቡሎን፤ ሁሉም ዝገዋል፣ እጄ ተላጠ። ከኋላው ሸረሪት ነበረች፤ ምን ያህል ዓመት እንደኖረች እንጃ።

መንገድ ዳር ላወጣው ስል እማማ ጊም መጣች። ቀኗ ነው፤ አፏ ተከፍቷል። ስለ አካሄዴ ተናገረች፣ ስለ ባርኔጣዬ ተናገረች፣ ዓሣ ሳጸዳ ግማሹን ሥጋ ከቅርፊቱ ጋር እንደጣልኩ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነገረች። ከዚያ ሰሌዳውን ነጠቀችኝ።

"ምን ሊያደርጉት ነው?"

"ጥሩ ብረት ነው" አለች።

ወስዳ የጎመኗ አጥር ሥር ጋደም አደረገችው፤ ጽሑፉ ወደ ታች። የዛሬውን ትንንሽ ዓሣ አንድ በአንድ አሰጣችበት። ቀና ብላ፣ "አንተ ከዚያ ጫፍ ጀምር" አለችኝ። "ራስ በራስ አታገናኝ።"

ጀመርኩ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ተንበርክኬ ነው። ሁለት ጊዜ አርማኛለች። ትክክል ነበረች።

አሥር ሰዓት ሲሆን አ-ቡን መጥቶ ጥሩንባ ነፋ። ያኔ ጀልባዋ የወጣችበት ሰዓት... ገና ግማሹን አልገለበጥንም።

ይጠብቅ።